ከትከሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቴስቶስትሮንና የዕድገት ሆርሞን፦ ለተሰፋው ጅማት ይጠቅማል ወይስ ለጡንቻው ብቻ?

ቀኝ እጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። ዕድሜው 47 ነው። ክንድን ከሚያነሡና ከሚያዞሩት የትከሻ ጅማቶች (ሮቴተር ከፍ) የላይኛው፣ ሱፕራስፒናተስ የሚባለው፣ 3 ሴንቲሜትር ያህል ተቀድዶ በአርትሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ) ተሰፍቶለታል። ዛሬ 3 ሳምንት ሞላው። ክንዱ ማንጠልጠያ ውስጥ ነው፤ ለሕመሙ ትራማዶል ይወስዳል።

ብረት የሚያነሣ ሰው ስለሆነ ከሕመሙ ይልቅ የጡንቻው መክሳት አስጨንቆታል። ጂም ውስጥ የሚያውቀው ሰው ቴስቶስትሮን ኢናንቴት በሳምንት 200 ሚሊግራም፣ የዕድገት ሆርሞን በቀን 2 ዩኒት፣ ከዚያም ቢፒሲ-157 የሚባል መርፌ ጨምሮ እንዲወስድ መክሮታል። ወንድሜ ደግሞ በራሱ ተነሣስቶ ከቀዶ ሕክምናው በ9ኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ደም ሰጥቶ ጠቅላላ ቴስቶስትሮኑ 248 ናኖግራም በዴሲሊትር ሆነ። «ይኸው፣ ጎድሎኛል» ብሎ መርፌውን ሊጀምር ነው።

ቁጥሩ የእውነት ጉድለት ያሳያል? ሆርሞኑስ የተሰፋውን ጅማት ቶሎ ያጣብቀዋል? ጉዳት ካለው እንዴት እንደሚጎዳ በዝርዝር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ «ጥሩ አይደለም» ብቻ ብለው አይሰማኝም።

---

ሆርሞን ነክ

ከቁጥሩ እንጀምር፤ የቀረው ውሳኔ የሚቆመው እሱ ላይ ነውና። በዚያ ቀንና በዚያ ሰዓት የተወሰደ 248 ስለ ወንድምህ የተለመደ መጠን ምንም አይናገርም።

ቴስቶስትሮን ጠዋት ከፍ ይላል፣ እየመሸ ሲሄድ ይወርዳል። መለካት ያለበት ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ምግብ ሳይቀመስ ነው። ምግብ፣ በተለይ ጣፋጭ ነገር፣ ለጥቂት ሰዓታት ያወርደዋል። ይህ ትንሹ ስሕተት ነው። ትልቁ ስሕተት ጊዜው ነው። ሰውነት ሲቆስል ኮርቲሶል (የጭንቀት ሆርሞን) ይጨምራል፤ አንጎል ወደ ዘር ፍሬ የሚልከው ትእዛዝ (ኤልኤች የሚባለው ሆርሞን) ይቀንሳል፤ ቴስቶስትሮንም አብሮ ይወርዳል። ትራማዶልና ሌሎች የኦፒዮይድ (የሞርፊን ዓይነት) ማስታገሻዎችም ይህንኑ ትእዛዝ ይጫናሉ። ለትከሻው ማደንዘዣ ዴክሳሜታዞን (የኮርቲዞን ዓይነት መድኃኒት) ተጨምሮለት ከሆነ እሱም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያዛባል። በሕመም ምክንያት የተቆራረጠ እንቅልፍ ሲታከልበት 248 መምጣቱ የሚጠበቅ እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም።

ምርመራው እንዲህ ይደገም፦ ትራማዶሉን ካቆመ በኋላ፣ እንቅልፉ ሲመለስ፣ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 6 ሳምንት ቆይቶ፣ በሁለት የተለያዩ ጠዋቶች። በሁለቱም ከ300 በታች ከሆነና ምልክትም ካለው (የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ የጠዋት የብልት መቆም መቅረት፣ የማይለቅ ድካም) ያኔ ስለ ጉድለት መነጋገር ይቻላል። አንዳንድ መመሪያዎች 264ን እንደ ወሰን ይወስዳሉ። ከቴስቶስትሮኑ ጋር ኤልኤች፣ ኤፍኤስኤችና ፕሮላክቲን (አንጎል ሥር ካለው ከፒቱታሪ የሚወጡ ሆርሞኖች) ይታዘዙ። ኤልኤች ከፍ ካለ ችግሩ ዘር ፍሬው ላይ ነው፤ ዝቅ ካለ ወይም ከፍ ማለት ሲገባው መደበኛ ላይ ከቆመ ግን ምክንያቱ ከላይ፣ ከፒቱታሪ ዕጢ፣ ከክብደት፣ ከእንቅልፍ ወይም ከመድኃኒት ይፈለጋል። ክብደት ያለው ሰው ከሆነ ነፃ ቴስቶስትሮኑም ይታይ፤ ሆርሞኑን የሚሸከመው ፕሮቲን ስለሚቀንስ ጠቅላላው ዝቅ ብሎ ነፃው ደኅና ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትሸማቀቅ ጠይቀው፦ ከዚህ በፊት ስቴሮይድ ወስዷል? ወስዶ ካቆመ ዝቅተኛው ቁጥር የዚያ ውጤት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከወራት እስከ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ ሌላ በሽታ ሲፈልግ ይከርማል።

መርፌውን አስቀድሞ ከጀመረ ደግሞ ምርመራው ይበላሻል። ኤልኤች ወደ ዜሮ ይወርድና ከመጀመሪያው ጉድለት ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለው ጥያቄ ለወራት መልስ አይኖረውም።

ስለ መጠኑም ልበል። ጉድለቱ ተረጋግጦ ለሚታከም ሰው የተለመደው በሳምንት ከ75 እስከ 100 ሚሊግራም፣ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከ150 እስከ 200 ነው። በሳምንት 200 የዚያ እጥፍ ነው፤ ይህን «መተካት» ማለት ስሙን መሳት ነው። ከመጀመሩ በፊት ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ ያለው የቀይ ሕዋሳት ድርሻ) እና ፒኤስኤ (የፕሮስቴት የደም ምርመራ) ይለካሉ፤ ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ይደገማሉ። ሄማቶክሪት ከ54 በመቶ ካለፈ ሕክምናው ይቆማል፣ ደሙ ወፍሯልና። ልጅ መውለድ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይጀመርም፤ ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን የስፐርም ምርትን ይዘጋል።

---

ክንድና ትከሻ

ከላይ ያለው መልስ ደሙን አስተካክሎታል፤ እኔ ወደ ስፌቱ ልሂድ።

ሰው የሚሳሳተው ጡንቻና ጅማትን አንድ አድርጎ ሲያስብ ነው። ጡንቻ ደም የጠገበ ሥጋ ነው፤ ለሆርሞን በሳምንታት ውስጥ መልስ ይሰጣል። ጅማት ደም የሚያንሰው፣ ሕዋሱ ጥቂት የሆነ ገመድ ነው። ወንድምህ የተደረገለት ደግሞ ገመዱን ከአጥንት ጋር መልሶ ማሰር ነው፦ አጥንቱ ላይ መልሕቅ ተተክሎ ክሩ ጅማቱን አጥንቱ ላይ ጫን አድርጎ ይዞታል። የመጀመሪያው ሳምንት ገደማ የእብጠት ጊዜ ነው። ከዚያ እስከ 6ኛው ወይም 8ኛው ሳምንት ልል የጠባሳ ሥጋ ይሞላል። ያ ጠባሳ መስመር ይዞ የሚጠነክረው ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ነው፤ ሥራው ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ክንዱን ይዞ የቆመው ክሩ ነው፤ ጅማቱ ገና አልያዘም።

አሁን ቴስቶስትሮኑን ጨምርበት። ጡንቻው ይጠነክራል፣ ስሜቱም ይነቃቃል፣ ሕመሙ የቀለለ ይመስለዋል። ክሩ ግን ያው ነው። ስፌት የሚከሽፍበት የተለመደው መንገድ ክሩ ራሱ ተበጥሶ አይደለም፤ ክሩ ለስላሳውን ጅማት እንደ ቢላ ሰንጥቆ ያልፋል። ዳግም መቀደድ በብዛት የሚታየውም በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ነው፤ ጡንቻው የሚነቃበት፣ ጅማቱ ያልደረሰበት ጊዜ ማለት ነው። በዚህ መሐል የጡንቻውን ጉልበት ብቻ የሚጨምር ነገር ማስገባት ክፍተቱን ያሰፋዋል እንጂ አያጠበውም።

ብረት በሚያነሡ ወንዶች ላይ በ2015 የወጣ ጥናት ለዓመታት ስቴሮይድ ከወሰዱ 88 ሰዎች 19ኙ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጅማት ተበጥሶባቸው እንደሚያውቅ አሳይቷል፤ ካልወሰዱት 54 ሰዎች ውስጥ ግን 3 ብቻ። የላይኛው አካል ጅማት የተበጠሰባቸው ሁሉ ከወሳጆቹ ወገን ነበሩ። እነዚያ ጤነኛ ጅማቶች ነበሩ፤ የወንድምህ ገና ከተሰፋ 3 ሳምንቱ ነው።

---

ሚዛን

የሁለታችሁንም መልስ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ሌላውን ወገን ሳናይ ብናልፍ ወንድሙ «አንድ ወገን ብቻ ነው የነገራችሁኝ» ይላል፣ እውነትም ይኖረዋል።

የጡንቻ መክሳት ጌጥ ብቻ አይደለም። የተቀደደ ጅማት ጡንቻ እየሟሸሸ ስብ ይገባበታል፤ ይህ ስብ በኋላ አይወጣም፣ የስፌቱንም ውጤት ያባብሳል። በበጎች ላይ ናንድሮሎን የሚባል ስቴሮይድ ጅማቱ እንደተለቀቀ ወዲያው ሲሰጥ የስብ መግባትን እንደቀነሰ ታይቷል። በሰው ላይ ደግሞ የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት (ኤሲኤል) ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 13 ወንዶች ላይ በ2017 የወጣ ሙከራ አለ፦ ከቀዶ ሕክምናው 2 ሳምንት በፊት ጀምሮ ለ8 ሳምንታት በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን፣ ወይም ባዶ መርፌ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ6ኛው ሳምንት ሆርሞን የወሰዱት በአማካይ 2.7 ኪሎ ከስብ ነፃ ክብደት ጨመሩ፤ የሌሎቹ እዚያው ቆመ። የጂሙ ሰው 200ን ያመጣው ምናልባት ከዚህ ነው።

ሙከራው እስከ መጨረሻው ሲነበብ ግን፦ የተጎዳው እግር ጉልበት በሁለቱ ወገኖች መካከል አልተለያየም። የጨመረው የጤነኛው እግር ጉልበት ነው። ሰዎቹ 13 ብቻ ነበሩ፤ ቦታው ጉልበት እንጂ ትከሻ አይደለም፤ የተተካ ጅማት በአጥንት ዋሻ ውስጥ በብሎን ተይዞ የሚያድግበት እንጂ አጥንት ላይ በክር ተጭኖ የሚጠብቅበት አይደለም። ጡንቻ መጨመሩን እቀበላለሁ፤ ከዚያ ተነሥቶ ስለ ሮቴተር ከፍ ስፌት መናገር ግን አይቻልም።

የእውነት ጉድለት ያለበት ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ትልልቅ የሕክምና መዝገቦች ሲፈተሹ ቴስቶስትሮን የጎደላቸው ወንዶች ላይ የሮቴተር ከፍ መቀደድ በዝቶ ታይቷል። እንዲሁ በመዝገብ ሲታይ ቴስቶስትሮን የታዘዘላቸውም ላይ መቀደድና ዳግም ቀዶ ሕክምና በዝቷል። ሁለቱ የሚጣረሱ ይመስላሉ፤ መዝገብ ምክንያትን ስለማይለይ ግን ከየትኛውም «ውሰድ» ወይም «ተው» አይወጣም። በ2023 ውጤቱ የታወቀው፣ ከ5,200 በላይ ወንዶች የተካተቱበት ትልቅ ሙከራ ደግሞ አጥንትን በሚመለከት ያልተጠበቀ ነገር አሳይቷል፦ ዝቅተኛ ቴስቶስትሮን ኖሯቸው ሆርሞኑን ከወሰዱት 3.50 በመቶው፣ ካልወሰዱት 2.46 በመቶው አጥንታቸው ተሰብሯል። የአጥንት ጥግግት እየጨመረ ስብራት ለምን እንደበዛ ብዙ ክርክር አለ፤ «ሰውነት ያጠነክራል» የሚለው ንግግር ግን እንደሚባለው ቀላል አይደለም።

---

ቀኝ እጅ

እግዜር ይስጣችሁ። ደሙ በ7ኛው ሳምንት እንዲደገም ተስማምቷል። ስለ ዕድገት ሆርሞኑና ቢፒሲስ? «ቴስቶስትሮን ጡንቻ ነው፣ እነዚህ ግን ለጅማት ናቸው» ብሎኛል። እንዲሁም አንድ የሥራ ባልደረባው ቴስቶስትሮን በሐኪም ታዝዞለት ለዓመታት በጄል ይወስዳል፤ በሚቀጥለው ወር ትከሻውን ይሰፋል። እሱ ያቁም?

---

ሆርሞን ነክ

ስለ ዕድገት ሆርሞን፦ 3 ዩኒት 1 ሚሊግራም ነው፤ ስለዚህ 2 ዩኒት 0.67 ሚሊግራም ይሆናል። ፒቱታሪው የተጎዳ አዋቂ ሰው እንኳ ሲጀምር ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊግራም ነው የሚሰጠው፤ አይጂኤፍ-1 (የዕድገት ሆርሞኑን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እየተለካም ነው የሚጨመረው። ጉድለት ለሌለው ሰው ከዚያ በላይ መጀመር ከመጠን ማለፍ ነው።

«ለጅማት ነው» የሚለው ከየት መጣ ቢባል፣ ሆርሞኑ የኮላጅን ምርትን ስለሚያነሣሣ ነው። በትከሻ ላይም ተሞክሯል፦ ከአርትሮስኮፒ ስፌት በኋላ በሳምንት አንዴ የሚሰጥ ዝግ ብሎ የሚለቅ ዓይነት ለ3 ወር ተሰጥቶ በዳግም መቀደድ ላይ በስታቲስቲክስ የሚቆጠር ልዩነት አልተገኘም። ጉዳቱ ግን በግልጽ የታወቀ ነው፦ ሰውነት ውኃ ይይዛል፣ መገጣጠሚያ ያማል፣ የደም ስኳር ይጨምራል፣ የእጅ አንጓ ነርቭ ይጫናል። የመጨረሻውን በደንብ ያዝልኝ። ክንዱ ማንጠልጠያ ውስጥ ሆኖ ጣቶቹ ቢደነዝዙ ቀዶ ሐኪሙ ነርቭ ተጎዳ ወይም ማንጠልጠያው ጠበቀ ብሎ ይጨነቃል፤ መርፌውን ካልነገረው ሁለቱም ያልሆነ ነገር ሲያሳድዱ ይከርማሉ። የደም ስኳር ከፍታ ደግሞ ራሱ ጅማት እንዳይያዝ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው። ካንሰር ያለበት ሰው ደግሞ ፈጽሞ አይነካውም።

ቢፒሲ-157 በአብዛኛው በአይጥ ላይ የተሞከረ ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ነው። ለሰው መድኃኒትነት የተፈቀደ አይደለም፤ ስለዚህ በጠርሙሱ ውስጥ ስላለው ነገር፣ ስለ መጠኑም ሆነ ስለ ንጽሕናው የሚቆም ማንም የለም። አዲስ ስፌት አጠገብ ንጽሕናው ያልታወቀ ፈሳሽ መውጋት ደግሞ የኢንፌክሽን ጥሪ ነው። ውድድር ውስጥ ያለ ስፖርተኛ ከሆነ ሦስቱም የተከለከሉ ናቸው። «ለጉዳት ማገገሚያ ነው» የሚለው ምክንያት ለቴስቶስትሮን ልዩ ፈቃድ አያስገኝም፤ የሚፈቀደው የዘር ፍሬ ወይም የፒቱታሪ በሽታ በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው።

በነገራችን ላይ ኮርቲዞንም ሆርሞን ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ቶሎ የሚቀርብለትም እሱ ነው። ትከሻው ሲደርቅና ሲያመው ሰው «አንድ መርፌ ይውጉህ» ይለዋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር የኮርቲዞን መርፌ የኢንፌክሽን አደጋን ይጨምራል። ከዚያ በኋላ የሚወስነው የሰፋው ሐኪም ይሁን እንጂ ሌላ ቦታ ሄዶ አይወጋ።

---

ማደንዘዣና ቁስል

የባልደረባውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። በሐኪም የታዘዘ ቴስቶስትሮን አብዛኛውን ጊዜ በድንገት አይቆምም፤ ነገር ግን መወሰዱ ለቀዶ ሐኪሙም ለማደንዘዣ ባለሙያውም ይነገራል። ከቀጠሮው በፊት ሄማቶክሪት ይለካ፤ ከ54 በላይ ከሆነ ደሙ እስኪቀጥን ቀዶ ሕክምናው ይዘግይ። በእንቅልፍ ላይ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነም ይናገር፤ ለትከሻ የሚሰጠው የአንገት ነርቭ ማደንዘዣ በዚያው ወገን ያለውን የድያፍራም (የመተንፈሻ ጡንቻ) ግማሽ ለጊዜው ስለሚያሰንፍ ሁለቱ ሲገናኙ ያስቸግራሉ።

በትከሻ ላይ ልዩ የሆነውና ብዙዎች የማያነሡት ነገር ባክቴሪያው ነው። ኩቲባክቴሪየም አክኔስ የሚባለው ባክቴሪያ ወዛም ቆዳ ይወዳል፤ ትከሻና ብብት አካባቢ በወንዶች ላይ ይበዛል። የደም ቴስቶስትሮን ከፍ ባለ መጠን በትከሻ ቆዳ ላይ ያለው የዚህ ባክቴሪያ ብዛት አብሮ እንደሚጨምር ታይቷል። ተራ አልኮል ከቆዳው ላይ ያለውን እንጂ ወዙ ቀዳዳ ውስጥ የተቀመጠውን አያገኘውም። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ትከሻውን፣ ብብቱንና የጀርባውን የላይኛ ክፍል በ5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ (የብጉር ማጠቢያ) ማጠብ ይጠቅማል። ከቀባው በኋላ ወዲያው አያለቅልቀው፤ ጥቂት ደቂቃ ቆዳው ላይ ይቆይ። ፎጣና ልብስ ስለሚያነጣ ነጭ ፎጣ ይጠቀም።

ይህ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳትና መግል አያመጣም፤ ዝግ ብሎ ነው የሚሠራው። ትከሻው በ3ኛው ወር ሊሻለው ሲገባ ያለ ምክንያት እየደረቀና እያመመ ከሄደ ጥርጣሬ ይግባችሁ። ናሙና ሲወሰድ ላብራቶሪው ለ14 ቀናት እንዲያቆየው ይጠየቅ፤ በ5 ቀን የሚዘጋ ምርመራ በሐሰት «ንጹሕ» ሊል ይችላል።

ስለ ጄሉ ደግሞ፦ 1.62 በመቶ የሆነው የሚቀባው ትከሻና የክንድ የላይኛ ክፍል ላይ ነው። በተሰፋው ወገን ላይ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪድን አይቀባ፤ በሌላው ትከሻ ይቀባ። ችግሩ ጤነኛውን ትከሻ በማንጠልጠያ ውስጥ ባለ እጅ መቀባት አለመቻሉ ነው፤ ክንዱን እንዳያነሣው ተከልክሏል። ሚስቱ ወይም ልጁ ትቀባዋለች ከተባለ ደግሞ ሆርሞኑ በእጇ በኩል ወደ እሷ ይገባል፤ ጓንት ያስፈልጋል፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ልጅ ጭራሽ አይንኩት። ለሆድ የተፈቀደ ዓይነት ስላለ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙ ወደዚያ ወይም ወደ መርፌ እንዲቀይርለት ይጠይቅ። መርፌ ከሆነ በጭን ወይም በዳሌ እንጂ በተሰፋው ወገን የትከሻ ጡንቻ ላይ አይወጋ።

ለሴቶችም አንድ ቃል፦ በአፍ የሚወሰድ ኤስትሮጅን የደም መርጋት አደጋን ይጨምራል፤ በቆዳ የሚለጠፈው ያንሳል። እሱም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ቀጠሮ ይነገር እንጂ በራስ አይቁም።

---

ቀኝ እጅ

የመጨረሻ ጥያቄ። መርፌውን ካስቀረሁት በምትኩ የምሰጠው ነገር ያስፈልገኛል። ጡንቻው እንዳይሟሽሽ አሁን፣ በዚህ ሳምንት፣ ምን ያድርግ?

---

ክንድና ትከሻ

አሁን 3ኛው ሳምንት ላይ ስለሆነ፦ ማንጠልጠያው ሌሊትም አይወልቅ። ሲተኛ ጀርባው ከፍ ብሎ፣ ክርኑ ሥር ትራስ ገብቶ ይሁን፤ ተጋድሞ ክርኑን ማየት ካልቻለ ክንዱ ወደ ኋላ ወድቋል፣ ስፌቱን እየጎተተ ነው። ጣት፣ አንጓና ክርን በቀን ከ4 እስከ 5 ጊዜ ይንቀሳቀሱ። ከባይሴፕስ ጅማቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነገር ካለ ግን ክርኑን በራሱ ጉልበት አይጠፍ፤ ይህን ከቀዶ ሐኪሙ ወረቀት ላይ አንብቡ። ከጀርባ በኩል ያለውን ሰፊ የትከሻ አጥንት ወደ ኋላና ወደ ታች ሰብሰብ አድርጎ 5 ሰኮንድ መያዝ፣ 10 ጊዜ፣ ይፈቀዳል። የክንዱ መነሣት በሌላ ሰው እጅ ብቻ ይሁን፤ እስከ የት እንደሚነሣ ሐኪሙ የሰጠው ወሰን ይከበር።

ሌላው አካል እረፍት ላይ አይደለም። የእግር ሥራ በመሣሪያ፣ ቋሚ ብስክሌት፣ በጤነኛው ክንድ ቀላል መጎተት፤ የአንዱ ወገን ሥልጠና ለሌላው ጉልበት በነርቭ በኩል ጥቂት ያተርፍለታል። ስኳት ላይ ብረት ትከሻ ላይ መጫን ግን የለም፤ ትንፋሽ ይዞ መግፋትም የለም፣ ሳያስበው ትከሻውን ያጠብቃል።

ምግቡ ላይ ፕሮቲን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.6 እስከ 2 ግራም፣ ኩላሊቱ ጤነኛ ከሆነ። 80 ኪሎ ከሆነ ከ128 እስከ 160 ግራም ማለት ነው፤ በአንዴ ሳይሆን በ4 ከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ከ32 እስከ 40። ብዙ ብረት አንሺ ቤት ሲቀመጥ «አልሠራሁም» ብሎ ምግቡን ይቀንሳል፤ ጡንቻውን የሚበላው እሱ ነው። ቫይታሚን ዲ ይለካ፤ ከ20 ናኖግራም በሚሊሊትር በታች ከሆነ ይሞላ። ስኳር በሽታ ካለው ኤ1ሲው (የ3 ወር ያህል አማካይ የደም ስኳር) ከስፌቱ ዕድል ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። የሚያጨስ ከሆነ ሲጋራው ከዚህ ሁሉ ሆርሞን ክርክር በላይ ነው፤ ኒኮቲን ለጅማቱ የሚደርሰውን ጥቂት ደም ያጠባል።

ከ6 ሳምንት በኋላ በዱላ ወይም በሌላው እጅ እየተረዳ ያነሣል፤ ከዚያ በራሱ፣ ያለ ክብደት። ከ12ኛው ሳምንት በፊት ላስቲክ የለም። ከዚያ ቀጭን ላስቲክ፣ ቀጥሎ ግማሽ ኪሎ፣ ቀጥሎ 1 ኪሎ። የደረት ብረት ከ6 ወር በፊት አይታሰብ፤ 3 ሴንቲሜትር ለተቀደደ ሰው ደግሞ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ጅማቱ መያዙን አይቶ ቢፈቅድ ይሻላል። በሆነ ቀን ድንገት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰምቶ ትናንት ያነሣ የነበረውን ክንድ ዛሬ ማንሣት ካቃተው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ሳምንት ይታይ።